ስልሳ አንድ አባወራ በአንድ ፍሎፒ

ፍሎፒው የመጣው በሳሙና ካርቶን ነው።

ዓለም ገና ታክሲ መያዣው ላይ ኦቦ ባጫ ካርቶኑን ለጠጋኙ አቀበሉት። ለሚያያቸው ሬዲዮ የሚያስጠግኑ ይመስላሉ። ሽማግሌው የቀበሌው የመሬት መዝገብ ጸሐፊ ነበሩ።

«መዝገብ ቤቱ ትናንት ነደደ። የስልሳ አንድ አባወራ ይዞታ የቀረው እዚህ ላይ ብቻ ነው። አደራ ልጄ። አደራ ኢልመ ኮ!»

«አይዞዎት፣ አባባ።»

ጠጋኙ እዚህ ኤርምያስ ይባላል። ሁለት ዓመት ሰበታ ላይ ቴፕና ቴሌቪዥን ሲጠግን ኖሯል። የላከው የስለላ መሥሪያ ቤት የሚያውቀው ግን «ቁንጫ» በሚል ስም ነው። ትእዛዙ አጭር ነበር፤ መዝገቡን አግኝ፣ ለአለቃህ ለ«መሰላል» አስረክብ። ለፍርድ ቤት ማስረጃ ነው ተብሏል።

ሰበታ መንገዱ በድንጋይና በጎማ ጭስ ተዘግቷል። «ማስተር ፕላኑ ይቅር!» ይላል ሰልፉ። ኤርምያስ ከማስረከቡ በፊት ፍሎፒው መነበቡን ሊያረጋግጥ በጓሮ በጓሮ ሮጦ የቲቸር ደስታነሽ የኮምፒውተር ማሰልጠኛ ደረሰ።

በሩ ላይ ቆሞ ጫማውን አወለቀ።

ልማድ ነው። በአሥራ አምስት ዓመቱ እዚሁ ሲማር ኮምፒውተር አቧራ አይወድም ተብሎ በካልሲ ካልሆነ አይገባም ነበር። የድሮ ስሙን ከቲቸር በቀር የሚያውቅ ሰው ሰበታ ላይ የለም። ያው ኮምፒውተር ዛሬም ዳንቴሉን ለብሶ ተቀምጧል። ፍሎፒውን ጎረሰ። ግርርር አለ። አረንጓዴ ፊደሎች ከጥቁሩ ስክሪን ላይ ተራ በተራ ብቅ አሉ። የኤርምያስ ሆድ ባባ። ይህን ድምፅ ስንት ዘመን ናፍቆት ነበር!

«አሁንም ይሠራል፣ ቲቸር?»

«ካንተ ስልክ ይሻላል። ኔትወርክ ሲዘጉበት አይደነግጥም» አሉት። «ግን ፍሎፒ አይታመንም። በወረቀት አውጣው።»

የማተሚያው ጩኸት በሰልፉ ጩኸት ተዋጠ። አሥራ አራት ገጽ። ደስታነሽ ወረቀቱን ቀሚሳቸው ውስጥ ሸጎጡት። ኮምፒውተሩን አጥፍተው ዳንቴሉን መለሱለት።

በሩ ተበረገደ።

መሰላል ነው። ላፕቶፕ በብብቱ ይዟል።

«ጫማህን ደጅ ትተህ ነው እንዴ የምትሰልለው፣ ቁንጫ?» ሳቀ። «ሱቅህ ሄጄ ባጣህ መንደሩን ሳስስ ጫማህ ጠራኝ። አምጣው።»

«ለፍርድ ቤቱ...»

«የምን ፍርድ ቤት? መሬቱ ባለቤት ተገኝቶለታል። አንዱ እኔ ነኝ።» ኮቱን ገለጥ አደረገ።

ሽጉጥ።

ኤርምያስ ፍሎፒውን ሰጠው። መሰላል ከኪሱ የፍሎፒ ማንበቢያ አውጥቶ ላፕቶፑ ላይ ሰካ። ፋይሉ ተከፈተ። የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ቅንፍ፣ ነጥብ፣ ትርምስምስ።

ለኤርምያስ ወዲያው ገባው። ዝርዝሩ የተጻፈው በድሮ የአማርኛ መጻፊያ ነው። አዲስ ኮምፒውተር አያውቀውም።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«በስብሷል፣ አለቃ። ሃያ ዓመቱ እኮ ነው።»

መሰላል ዳንቴሉን ገፈፈ። «እስቲ በዚህ ሽማግሌ ኮምፒውተር ሞክረው።»

ከተከፈተ አለቀ። ዝርዝሩ ደህና መሆኑን ያያል፤ ቤቱንም ደስታነሽንም ይፈትሻል።

«እኔ ላብራው።»

ኤርምያስ እጁን ወደ ኮምፒውተሩ ጀርባ ሰደደ። ትንሿን ቀይ የኤሌክትሪክ ማዞሪያ ከ220 ወደ 110 ቮልት ገፋት። አበራው።

ጧ!

ጭስ። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ። መሰላል እየሳለ ፍሎፒውን ለሁለት ሰበረው። «ነገ ሪፖርት አድርግ» ብሎ ወጣ።

ደስታነሽ የሞተውን ኮምፒውተር በመዳፋቸው ዳበሱት።

«ቀይዋን እንዳትነካ ብዬህ ነበር» አሉ። «ገና በአሥራ አምስት ዓመትህ።»

ወረቀቱን አውጥተው ሰጡት።

በማግስቱ አሥራ አራቱ ገጾች ሱሉልታ፣ የገበሬዎቹ ጠበቃ እጅ ገቡ። ማን እንዳመጣቸው ጠበቃዋ ቀና ብላ ስታይ በሩ ላይ ሰው የለም።

ሰበታ ላይ ጠጋኙ ዳግም አልታየም። ሱቁን ሰብረው የገቡ ሰዎች ስምንት ሬዲዮና አንድ ቴሌቪዥን አገኙ። እያንዳንዱ ላይ የባለቤቱ ስም በወረቀት ተለጥፏል። የጠጋኙ ስም ግን የትም አልተጻፈም።