የቆመችው እንጨት

እኔ ጅብ ሆኖ የሚመጣ ቡዳ አለ ሲሉኝ "ቆዳው ይሸጣል?" ብዬ የምጠይቅ ሰው ነኝ፣ ይህን አስቀድሜ የምነግርህ፣ ወዳጄ፣ የማወራልህን ስትሰማ "ይሄ ሰውዬ ድሮም ነገር ይታየው ነበር" እንዳትል ነው። አይታየኝም ነበር። ሰቆጣ ገበያ ሽንኩርትና እንቁላል ሳቀርብ፣ ፍየል ስገዛና ስሸጥ ነው የኖርኩት፣ ትምህርቴም እዚያው ነው፣ አንድ ሰሞን ስመ ጥር ጠንቋይ ደንበኛዬ ነበር፣ መናፍስት አዝዛለሁ የሚል ሰው ለአንድ ኪሎ ሽንኩርት እንዴት ያንን ያህል እንደሚጨቃጨቅ ካየሁ ወዲህ ስለነዚህ ነገሮች ማሰብ ትቻለሁ። ቤተ ክርስቲያን እሳለማለሁ፣ ጾሜን እጾማለሁ፣ የተረፈውን ለቄሶቹ ትቼዋለሁ።

እንግዲህ ውሃ የሚቆፍሩ ቻይናዎች ወደኛ አገር የመጡ ጊዜ ቀለባቸውን የማቀርበው እኔ ነበርኩ። የመቆፈሪያው ማሽን አለቃ ሊን የሚባል ቀጭን ሽማግሌ ነው፣ ሲጋራ ከአፉ አይለይም፣ ማሽኑ የታመመ እንደሆነ በጆሮው ነው የሚያውቀው። አማርኛው ከ"ስንት ነው" እና ከ"ውድ ነው" ስለማያልፍ የምንነጋገረው በሐረግ በኩል ነው፣ ሐረግ የሰቆጣ ልጅ ናት፣ አዲስ አበባ ቻይንኛ ተምራ አስተርጓሚ ሆና የመጣች፣ ምላሷ የተሳለ ሴት።

ሊን ከካምፑ ወጥ ቤት ጀርባ ድንጋይ ደራርቦ የዶሮ ቤት የምታክል ነገር ሠርቷል፣ ቀይ ወረቀት ለጥፎባታል፣ ፊቷ አሸዋ የሞላ የቀለም ቆርቆሮ አለ። ጠዋት ጠዋት ሦስት ቀጫጭን የዕጣን እንጨት ይለኩስና በሁለት እጁ ይዞ ጎንበስ ይላል፣ አሸዋው ላይ ይሰካቸዋል፣ ትንሽ ይቆማል፣ ወደ ሥራው ይሄዳል። የነሱ ወር በጨረቃ ነው፣ ወር በገባ በመጀመሪያውና በአሥራ አምስተኛው ቀን ብርቱካንና ሙዝ ያዘኛል፣ እኛ ልደታና ቂርቆስ እንደምንለው መሆኑ ነው ብዬ ተረጎምኩት፣ እውነቴን ነው፣ ለፍራፍሬ ነጋዴ እንዲህ ያለ የተመቸ ሃይማኖት አላየሁም።

አንድ ቀን ዕቃ ሳራግፍ "ምን ብሎ ነው የሚለምነው?" አልኳት ሐረግን።

ጠየቀችው። "ምንም አልለምንም ይላል። ሰላምታ ነው።"

"ለማን?"

"ለቦታው ባለቤት። እያንዳንዱ ቦታ የራሱ አለው ይላል፣ የአገሩ እዚያው አገሩ ቀርቷል፣ የራሱ ሥራ አለው። እዚህ ያለው የናንተው ነው ይላል።"

"በይ እንግዲህ የቀበሌ ሊቀመንበር ነዋ።"

ሐረግ እየሳቀች ነገረችው፣ እሱ ግን አልሳቀም፣ ራሱን እየነቀነቀ ብዙ ተናገረ። "ልክ ነህ ይላል፣ ትንሽ ሹም ነው። ሰማይ ቤት ያለው ትልቁ ሹም ስምህን ላያውቅ ይችላል፣ ይሄኛው ግን የት እንደምትተኛ ያውቃል።"

"ያምንበታል?"

እዚህ ላይ ሁለቱ ብዙ ተነጋገሩ፣ ቃሉ እንዳስቸገራት አየሁ። "ማመን አለማመን ብሎ ነገር አልገባውም፣ ጋሼ። ዕጣኑን ሳጨስ ውስጤ ዝም ይላል፣ ዝም ብዬ ወደ ማሽኑ እሄዳለሁ ነው የሚለው። ይህን ሳያደርግ የሄደ ቀን እጁ ይሳሳታል።"

ሽንኩርቴን አራግፌ ሄድኩ። መጥፎ መልስ አይደለም አልኩ በልቤ።

ከዚያ ማሽኑ እኔ ወደተወለድኩበት መንደር ዞረ፣ ወደ ጋዝጊብላ በኩል ነው፣ አሁን እዚያ ያለችኝ ታላቅ እህቴ የሺ ብቻ ናት። ውሃ የሚቀዱት ገደል ወርደው ነው፣ እቴ የሺ ደግሞ ከዚያ ገደል ወድቃ ዳሌዋን ተጎድታለች፣ በዱላ ነው የምትሄደው። ውሃ ከወጣ ትቀመጣለች፣ ካልወጣ ቤቷን ዘግታ ሰቆጣ እኔ ጋ ትገባለች፣ የተባባልነው ይህንን ነው። እኔ ጋ መግባት ለሷ ሞት ነው። ባሏ የተቀበረው ከደጇ ፊት ለፊት ከሚታየው ቤተ ክርስቲያን ነው፣ ጠዋት በሯን ስትከፍት ወደዚያ እጅ ነስታ ነው ቀኗን የምትጀምረው። "ከተማ ገብቼ ማንን ላይ ነው፣ ያንተን የሽንኩርት ጆንያ?" አለችኝ።

የመጀመሪያው ጉድጓድ ደረቅ ሆነ። አንድ ብቻ ሞክሩ፣ ካልሆነ ማሽኑ ወደ ሌላ ወረዳ ይሂድ የሚል ትእዛዝ መጣ። የቁፋሮውን ቦታ የሚመርጠው መሐንዲስ ከእርሻው መሐል ችካል ተክሎ ሄደ።

ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ነው፣ ሊን ማሽኑን አስጠፍቶ ችካሉ አጠገብ ንጹሕ ጨርቅ ዘረጋ፣ ብርቱካን፣ የተቀቀለ ዶሮ፣ ሦስት ሲኒ ሻይ ደረደረ፣ ዕጣኑን ሰካ። የመንደሩ ሰው ካቡ ላይ ተቀምጦ ያያል። ዕለቱ ረቡዕ ነበርና አንዷ "በጾም ዶሮ" ብላ አጉረመረመች። የንስሐ አባታችን አባ ወልዴም ነበሩ፣ "እሱም አልጾመ፣ ዶሮዋም አልጾመችም፣ ዝም በይ" አሏት።

ሊን ከኪሱ ሁለት እንጨት አወጣ፣ ለሁለት የተፈለጠ ትልቅ ባቄላ በላቸው፣ አንድ ወገናቸው ጠፍጣፋ፣ አንድ ወገናቸው ሆዳም። ይጠየቅና ይጣላሉ፣ አንዱ በሆዱ አንዱ በጠፍጣፋው ከወደቀ እሺ ማለት ነው፣ ሁለቱም በጠፍጣፋው ከተደፉ እምቢ ነው፣ ሁለቱም ጠፍጣፋውን ወደ ላይ ካደረጉ ደግሞ ባለቤቱ እየሳቀ ነው። ይህን ሐረግ ስትነግረን "የሚስቅ ሹም አይተን አናውቅም" ያለ ነበር።

ጣለ፣ እምቢ። ደግሞ ጣለ፣ እምቢ። ምግቡ ጎድሎ ነው? እምቢ። ጥፋቱ ቦታው ነው? እሺ። ሌላ ሰው ይጠይቅ? እሺ። ሊን ግንባሩን ጠረገና ሰው እያመለከተ መጠየቅ ጀመረ። ሐረግ? እምቢ። አባ ወልዴ ገና ጣቱ ሲዞር "እኔን ተወኝ፣ እኔ ሌላ አለቃ አለኝ" ብለው ጃንጥላቸውን ዘረጉ። ወደኔ ዞረ፣ ጣለ፣ ሁለቱም እንጨቶች ጠፍጣፋቸውን ወደ ላይ አደረጉ፣ ባለቤቱ ሳቀ። ሰው ሁሉ ሳቀብኝ፣ እኔም ሳቅሁ። ወደ እቴ የሺ ዞረ። እሺ። ደግሞ ጣለ፣ እሺ። ደግሞ፣ እሺ።

"እንግዳ ነኝ ይላል፣ ባለቤቱ የሚያውቀው እሷን ነው፣ እሷ ታናግረው ይላል" አለች ሐረግ፣ ድምጿ ላይ ቀልድ የለም።

እቴ የሺ ዱላዋን ተደግፋ ተነሳች። "አባ፣ ልናገር?"

"ለማን ነው የምትናገሪ?"

"ለቦታው ባለቤት ይላል።"

"የቦታው ሁሉ ባለቤት እግዚአብሔር ነው።"

"እሱማ ነው፣ አባ። ከሱ በታች ስላለው ነው የሚሉኝ።"

አባ ወልዴ ጃንጥላቸውን አጠፉ። "ዕጣኑን እንዳትነኪ፣ እንዳትሰግጂ። ከዚያ በተረፈ አፍሽ ያንቺ ነው።"

በአገራችን ቋንቋ፣ በኸምጣንጋ ነው የተናገረችው፣ ጎረቤት እንደሚጠራ ሰው ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "እኔ የሺ ነኝ፣ ከዚያ ቤት። ስንት ዘመን ስረግጥህ ኖሬ አንድ ቀን ጠርቼህ አላውቅም። አሁን እግሬ ደክሟል። ውሃ ካለህ ስጠኝ፣ ከሌለህ ደግሞ ንገረኝና ልሂድ።" አለቀ፣ ሌላ የለም።

አሁን የምነግርህን እንደፈለግህ አድርገው። እኛ አገር በዚያ ሰዓት ከገደሉ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚነፍስ ነፋስ አለ፣ ያን ቀንም ነጠላችንን እየገለበ ይነፍስ ነበር። የዕጣኑ ጭስ እስከዚያ ድረስ በዚያው ነፋስ ነበር የሚሄደው። እሷ ዝም ስትል ቀጥ አለ። ከዚያ ወደ መሬት ወረደ፣ እመነኝ፣ እንደተፈታ ክር ሣሩን እየታከከ ነፋሱን ተጋፍቶ ሄደ፣ አውድማው ጥግ ካለው የድንጋይ ክምር ገባ፣ ማንም ለውሃ ካልጠረጠረው ቦታ። የመንደሩ ውሾች ተኝተው ጆሯቸውን አቁመዋል።

ቀጥሎ ድምፁ መጣ። ማሽኑ ጠፍቷል ብዬሃለሁ። ከታች ነው፣ ከእግራችን ስር፣ ሰው በጣቱ አጥንት ሳንቃ የሚመታ ይመስላል፣ ቀስ ብሎ፣ ዝም ብሎ፣ ደግሞ ቀስ ብሎ። ከሦስቱ ሲኒዎች የመሐለኛው ብቻ ሻዩ እየተንቀጠቀጠ ነበር። አባ ወልዴን አየኋቸው፣ መስቀላቸውን ይዘዋል፣ ግን አላማተቡም፣ እንግዳ ሲገባ እንደሚነሳ ሰው ቀጥ ብለው ቆመዋል።

ሊን እንጨቶቹን ጣለ። አንዷ ወደቀች። ሌላዋ ቆመች። በጫፏ፣ ወዳጄ፣ በዚያ ጠጠር በበዛበት መሬት፣ ነፋሱ የብርቱካኑን ከረጢት ይዞት ሲሄድ እሷ አልነቀነቀችም። ሊን ሲጋራው ከአፉ ወደቀ፣ ተንበረከከ፣ ቀና ብሎ ለማየትም አልደፈረ። እኔ በገበያ ያላየሁት ማጭበርበር የለም፣ ዞሬ አየሁ፣ ክር የለም፣ ጭቃ የለም፣ የሚነካት ሰው የለም። ያን ጊዜ የተሰማኝን ፍርሃት ነው ብልህ ዋሸሁ። ልጅ ሆኜ ቤተ መቅደስ መጋረጃው ሲገለጥ የሚሰማኝ ነበር።

ስንት እንደቆየች አላውቅም። በመጨረሻ እቴ የሺ፣ ማንም ሳያናግራት፣ "እሺ" አለች። እንጨቷ ቀስ ብላ ተጋደመች፣ ድምፁም ቆመ።

"ማንን ነው እሺ ያልሽው?" አልኳት።

"ጨለማ ሳይሆን ዕቃህን ጫን" አለችኝ።

በማግሥቱ መሐንዲሱ ስለ ችካሉ ጮኸ፣ ሊን አልሰማውም፣ ማሽኑን ወደ ድንጋዩ ክምር ወሰደ። ውሃው መሐንዲሱ በግርምት ራሱን እስኪይዝ ድረስ ከቅርብ ጥልቀት ወጣ፣ ብርድ ብርድ የሚል፣ ጣፋጭ። እልልታው ለሰቆጣ ይሰማል የምትለው ነበር። አባ ወልዴ ጸሎት አድርሰው ባረኩት፣ "ውሃው የእግዚአብሔር ነው" አሉ፣ ትንሽ ቆይተው ደግሞ ለኔ ብቻ፣ "መልእክተኛው ማን እንደሆነ አልጠይቅም" አሉኝ።

ሊን ሲሄድ ሁለቱን እንጨቶች ለእቴ የሺ ሰጣት። የቆመችው ምን ማለት ነው አልኩት። እሱ አይቶ አያውቅም፣ አያቱ ከሰው ሰምቶ ነግሮታል። "ምን ብሎ?" አልኩ። እህቴን እያየ ብዙ ተናገረ፣ ረጅም ንግግር ነው፣ ሐረግም "ተከብራለች ነው የሚለው" አለችኝ። እኔ በሁለት ሰው መሐል ቆሜ ስከራከር የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ያን ያህል ንግግር በሁለት ቃል እንደማያልቅ አውቃለሁ። ዛሬም ሐረግን ባገኘኋት ቁጥር እጠይቃታለሁ፣ የልጆቼን ጤና ትጠይቀኛለች።

የእህቴ ነገር ያሰብነው ሆነ፣ ቤቷ ቀረች። ጠዋት ቤተ ክርስቲያኑን እጅ ነስታ ስታበቃ ጉድጓዱ ላይ ወደተተከለው ፓምፕ ትሄዳለች፣ ዕጣን የላት፣ ስግደት የላት፣ ትቆማለች፣ ዝም ትላለች፣ "እንዴት አደርክ" ትላለች፣ ከዚያ ሰው ይቀዳል። ዳሌዋ ጠንቶባት ሰቆጣ ሆስፒታል ባስተኛኋት ሰሞን ግን ፓምፑ አየር ብቻ መተንፈስ ጀመረ። ጠጋኝ መጣ፣ ፈታው፣ ገጠመው፣ ምንም የተበላሸ የለም አለ። መንደሩ ተመልሶ ወደ ገደሉ ወረደ። ይህን ስትሰማ ሐኪሙ ሳይፈቅድላት ተነሳች፣ በሚኒባስ መለስኳት፣ ከመኪናው ወርዳ "እንዴት አደርክ" አለችው፣ ጀሪካኑ ሞላ። ከዚያ ወዲህ ከመንደሩ ወጥታ አድራ አታውቅም፣ ለልጄ ሠርግ እንኳ አልመጣችም። ከቤቷ እንዳትነቀል ስለፈለግሁ ነበር ያ ሁሉ፣ እንግዲህ አልተነቀለችም።

በቀደም ጨውና ዘይት ይዤላት ሄድኩ። አርጅታለች። ፓምፑ ጋ ቁጭ ብለን "እቴ፣ ሁላችንም ሟች ነን፣ ካንቺ ወዲያ ማን ሊያናግረው ነው?" አልኳት፣ በቀልድ መልክ።

"ጠይቄዋለሁ" አለች።

"እንዴት?"

"እንጨቶቹን እየጣልኩ የመንደሩን ሰው አንድ በአንድ ጠራሁለት። ሁሉንም እምቢ አለኝ።" የጀሪካኑን ክዳን አጠበቀች። "ከዚያ ከመንደሩ የወጡትን መጥራት ጀመርኩ።"

ቀና ብላ አየችኝ፣ በትዝብት አይደለም፣ በፍቅር ነው ያየችኝ፣ የከፋውም ይኸው ነው። እኔ ያገኘሁትን ሁሉ ስንት ነው የምል ሰው፣ ማንን እሺ አለሽ ብዬ አልጠየቅኋትም፣ ተነስቼ መኪናዬ ውስጥ ገባሁ። ከዚያን ቀን ወዲህ ከመንደሩ ስልክ በተደወለልኝ ቁጥር የራሷን ድምፅ እስክሰማ ድረስ ትንፋሼን እይዛለሁ።