ላልቶ የሚነበበው ቃል

በሐንዛር መንግሥት፣ መሥራቹ ንጉሥ ኤልማዶር ቃል ኪዳኑን ያስቀረጸበት ዐለት በጠራራ ፀሐይ ደም የመሰለ ወዝ አፈሰሰ። ሽማግሌዎችም አይተው «ከቃላቱ አንዱ ታሟል» አሉ።

የታመመው ቃል የቱ እንደ ሆነ ምንታምር ታውቃለች። ዕድሜዋ ገና ሃያ ነው፤ የቤተ ትምህርቱ መምህርት ናት። ልጆቹ ጫጫታቸውን የሚያቆሙት ዝም በሉ ስትላቸው ሳይሆን ማንበብ ስትጀምር ነበር፤ እንዲያ ያለ ድምፅ ነበራት።

ቃሉ እንዲህ ይላል፦ «ንጉሥ በሸንጎ ይሰማል።» ላልቶ ሲነበብ ንጉሥ የሕዝቡን አቤቱታ ያዳምጣል። ጠብቆ ሲነበብ ግን ንጉሥ ይናገራል፤ ሕዝብ ጸጥ ይላል። ዐለት ማጥበቅና ማላላት ከየት ያውቃል? ፊደሉ አንድ ነው። ልዩነቱን ጠብቆ ያኖረው የመምህራን አፍና የልጆች ጆሮ ነበር። ንጉሥ ዛርጋድ በነገሠ ማግስት «ጠብቆ ይነበብ!» ብሎ አዘዘ። አሮጌው መምህር አንዳርጌ እምቢ አሉና በወህኒ ሞቱ። ምንታምር ግን ፈራች። ዓመት ሙሉ አጥብቃ አስተማረች፤ ልጆቹም አመኗት።

በየሰባት ዓመቱ ልጆች ቃል ኪዳኑን በሸንጎ ፊት ያነባሉ፤ ያነበቡትም ሕግ ሆኖ ይጸናል። ቀኑ አንድ ወር ሲቀረው ምንታምር ጸጸቷን መሸከም አቃታት። «ልጆች፣ አላልታችሁ አንብቡ» አለቻቸው።

ብርቄ የምትባል የዘጠኝ ዓመት ተማሪ ተነሣች። «እትዬ፣ አምና አጥብቁ አሉን፤ ዛሬ አላሉ ይሉናል። የትኛውን እንመን?»

ምንታምር በኀፍረት ተቃጠለች። ከዚያም እጇን አንሥታ ማለች፦ «ከራሱ ከመሥራቹ አንደበት ትሰሙታላችሁ! ይህን ባላደርግ ያስቆጠርኋችሁ ፊደል ይፍረድብኝ!»

ኤልማዶር ቃል ኪዳኑን መጀመሪያ የተናገረው በማሚቶ ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ነበር፤ ገደሉም ድምፁን ውጦ አስቀርቶታል። ወደዚያ ስትነሣ አብሯት የሄደ የቤተ ትምህርቱ ዘበኛ ጓንጉል ብቻ ነው፤ የቀድሞ ጦረኛ፣ አንድ ዓይና። «ልጄ፣ እኔ ከፊደል የማውቀው ሀን ብቻ ነው» አላት ጦሩን እያነሣ፤ «እሱንም እረሳዋለሁ። መንገዱን ግን አልረሳም።»

ዘጠኝ ቀን በጨው ሜዳ ተጓዙ። በዐሥረኛው ቀን ንጉሡ መሄዳቸውን ሰምቶ የላካቸው ፈረሰኞች ደረሱባቸው። ጓንጉል በጠባቡ የገደል በር ቆሞ መከታቸው፤ ጭኑን ቆስሎ፣ ፈረሶቹን አስበርግጎ መለሳቸው። እያነከሰ ተከተላት።

በገደሉ አፋፍ ዋርሳ የሚባለው የድምፁ ጠባቂ ተኝቶ ነበር፤ ገላው የዘንዶ፣ ጆሮው እንደ ሰፌድ የሰፋ አውሬ። ዓይኑን ሳይገልጥ ተናገረ፦ «ድምፅ በድምፅ ይለወጣል። ሌላ ዋጋ አልቀበልም።»

«የእኔን ውሰድ!» አለ ጓንጉል ወደ ፊት እየወጣ። «ለሽማግሌ ዝምታም አያንሰው።»

«ቃሉን ያጠበቀው አፍ የቱ ነው?» ሲል ዋርሳ ጠየቀ።

ምንታምር አለቀሰች፤ አልደበቀችውም። ድምፅ የሌላት መምህርት ምን ትሆናለች? ከዚህ በላይ የምትወደው ነገር አልነበራትም። በመጨረሻም ቀና ብላ፣ ቃሉን አላልታ፣ ጥርት አድርጋ አነበበችው፦ «ይሰማል።» ከዚያ ወዲያ አንደበቷ ተዘጋ። ገደሉ አጉረመረመ፤ ጓንጉል ውኃ የሚይዝበት ቅልም የኤልማዶር ድምፅ ገብቶበት ከበደ። ጓንጉል የቅሉን አፍ በሰም ደፈነው።

ቅሉ የተከፈተው በቤተ ትምህርቱ፣ በልጆቹ መካከል ነው። የወጣው የሽማግሌ ድምፅ ነበር፤ ያስለዋል። «ንጉሥ በሸንጎ ይሰማል» አለ፤ ላልቶ። ጥቂት አርፎም «እኔ ሳልሰማ ብዙ አጥፍቻለሁና» ሲል ጨመረ። ምንታምር ማስረዳት ፈልጋ አፏን ከፈተች፤ ያን ጊዜ ምን እንዳጣች ገባቸው።

የሸንጎው ቀን ዛርጋድ በዙፋኑ፣ ጦረኞቹ በዙሪያው ነበሩ። ልጆቹ አነበቡ። ከዚያ ቃል ሲደርሱ ፈርተው ቆሙ። ብርቄ ግን ብቻዋን «ይሰማል» አለች፤ አላልታ። ከኋላዋ ሌሎቹ ተከተሉ፤ ከልጆቹ ኋላ እናቶቻቸውና አባቶቻቸው ተቀበሉ።

«ዝም አሰኟቸው!» ሲል ንጉሡ ከዙፋኑ ተነሥቶ ጮኸ። ጦረኞቹ ተያዩ። እነሱም በልጅነታቸው በዚያው ቤተ ትምህርት አላልተው አንብበዋል። ጦራቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ።

ዛርጋድ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ዓይኑ ምንታምር ላይ አረፈ። «ሕግ ከሆነ ሕግ ነው። ተናገሪ፣ መምህርት፤ እሰማለሁ።»

ብርቄ እጅ ነሣች። «ንጉሥ ሆይ፣ መምህርታችን ይህን ቃል ያመጡልን ድምፃቸውን ሰጥተው ነው። ሊነግሩዎት ያሰቡትን እኔ አላውቅም። እርስዎ ግን ሳይሰሙ አይነሡ።»

ምንታምር ወደ ዙፋኑ ቀረበች፤ ከንፈሯ መንቀሳቀስ ጀመረ። ያለ ድምፅ፣ ያላትን ሁሉ ተናገረች። ዛርጋድም ዓይኑን ከከንፈሯ ሳይነቅል ተቀምጦ ቆየ፤ ስትጨርስ አንገቱን ደፋ።