አፋቸው ወደ ውስጥ የዞረ ጆንያዎች

ነጋዴው ሀዚም ኮምቦልቻ ባለው የእህል መጋዘኑ ውስጥ በጤፍ ጆንያዎች ሥር ሞቶ ተገኘ። በማግስቱ ደሴ ፍርድ ቤት ቀርቦ፣ የጭነት ሹፌሮችን እያስፈራራ በሚዘርፈው ቡድን ላይ ሊመሰክር ነበር።

ኢንስፔክተር ሥርጉት ሬሳውን ስታይ ደሟ ፈላ። ሹፌር ባሏ ከሁለት ዓመት በፊት ለዚያ ቡድን አልገብርም ብሎ ሐርቡ መንገድ ላይ በመኪና ተገጭቶ ሞቷል። ፋይሉ «ገጪው ያልታወቀ» ተብሎ ተዘጋ። የቡድኑን አለቃ የሚያውቀው ብዙ ነው፤ ደፍሮ ስሙን ሊጠራ የተነሣው ግን ሀዚም ብቻ ነበር። አሁን እሱም የለም።

መጀመሪያ ጥበቃውን፣ የቀድሞውን ጫኝ ደምለውን ጠየቀችው።

«ክምሩ ሲናድ ሰማሁ፤ ብሮጥ አልደረስኩለትም» አላት።

የሟቹ የወንድም ልጅ ዐቂል እንባውን መግታት አቅቶታል። «አጎቴ ነው ያሳደገኝ። እኔ ደሴ ሱቅ ነበርኩ።»

የጫኝና አውራጆች አለቃ ጀሚል ጢሙን ዳሰሰ። «ወላሂ እህቴ፣ ወገቤን ከታመምኩ ዓመቴ። ከዚያ ወዲህ ጆንያ ነክቼም አላውቅ። የአላህ ቀደር ነው፤ ተጽፎበታል።»

ሥርጉት ጎንበስ ብላ ጆንያዎቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። ከዚያ ሦስቱንም እዚያው ሰበሰበቻቸው።

«የተናደ ጆንያ እንደ ሰካራም የትም ይጋደማል። እነዚህን ተመልከቱ። የተሰፋው አፋቸው ሁሉ ወደ ውስጥ ዞሯል። ጫኝ እህሉ እንዳይፈስ እንዲህ ይደረድራል። ገዳዩ ሬሳውን ሲሸፍንም እጁ ልማዱን አልተወም። ዐቂል ጆንያ ተሸክሞ አያውቅም። የጀሚል ወገብ አይችልም። ደምለው፣ አንተ ግን ጥበቃ ከመሆንህ በፊት ዐሥራ ሁለት ዓመት ጫኝ ነበርክ። ያልተናደውን ክምር ሲናድ እንዴት ሰማኸው?»

ደምለው ወደ ጀሚል ዞረ። ጀሚል ቀድሞ ጮኸ፤ «እሰሩት እንጂ፣ ይህን ነፍሰ ገዳይ!»

«አቦ፣ የቡድኑ አለቃ አንተ ነህ፣ አንተው አዘኸኝ!» አለ ደምለው። «ደሴ እንዳይደርስ ብለህ የላክኸው ድምፅ ስልኬ ላይ አለ!»

ሥርጉት ካቴናውን ይዛ ወደ ጀሚል ሄደች። «በሕጉ፣ የወንጀል ቡድን የሚመራ ሰው ያዘዘው ግድያ የራሱም ግድያ ነው።»

«የባልሽን ደም ልትመልሺብኝ ነው!» አለ ጀሚል። «እሱን የገጨው ልጅ እኮ ሞቷል! ከእኔ ምን ትፈልጊያለሽ?»



«ማን እንደገጨው እኔ እስከ ዛሬ አላውቅም» አለች ሥርጉት በቀስታ። «አንተ ግን የገጪውን መሞት ሳይቀር ታውቃለህ። ያ ፋይል ዛሬ ይከፈታል።»

ካቴናውን አጥብቃ ቆለፈችው። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።