እህል በረንዳ የቀዳሁት የአንድ ደቂቃ ዝምታ

ይህን ካነበባችሁ በኋላ "ፈጠራ ነው" የሚል ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ይበል። እኔ ግን እዚያው ቆሜ ነበር፣ ድምፁም እስከ ዛሬ በእጄ ነው።

ዕለቱ አርብ ነበር። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ከአርባ። ቦታው መርካቶ፣ እህል በረንዳ።

በጠራራ ፀሐይ? ትሉኝ ይሆናል። አዎ፣ በጠራራ ፀሐይ።

ሠርኬ እባላለሁ። ሬዲዮ ላይ ተባባሪ አዘጋጅ ነኝ። ለማያውቅ ሰው፣ የጣቢያው ተቀጣሪ አይደለሁም ማለት ነው። ደመወዝ የለኝም፣ የጣቢያ መኪና አይጭነኝም። ያለኝ በሳምንት ሠላሳ ደቂቃ የአየር ሰዓት ነው። እሷን ለመሙላት ስድስት ቀን ስሮጥ እከርማለሁ። ትረካዬን የምቀዳው ቤቴ ውስጥ ብርድ ልብስ ተከናንቤ ነው፤ የውጭ ድምፅ እንዳይገባብኝ። ጎረቤቶቼ ለይቶላታል ብለው ትተውኛል።

ግን ይቺው ፕሮግራም በሰባት ዓመት ውስጥ ሁለት የጠፉ ልጆችን ለወላጆቻቸው መልሳለች። ሰፈር ያጥለቀለቀ ቦይ አስጠርጋለች። ስለዚህ አንድ ሰው ተነስቶ "ይሄን ነገር ተይው" ሲለኝ አልሰማም።

አንድ የሥራ ልማድ አለኝ። ሰው አነጋግሬ ስጨርስ ሁሉም ዝም እንዲሉ እጠይቅና የቦታውን ዝምታ ለአንድ ደቂቃ እቀዳለሁ። ድምፅ ቆርጠን ስንቀጥል መጋጠሚያው እንዳይታወቅ ከስር የምናስገባው እሱን ነው።

መርካቶ ውስጥ ዝምታ ከየት ይመጣል?

አርብ ይመጣል። ግማሹ ነጋዴ ለጁምዓ ሲሄድ፣ ሱቁ ገርበብ ሲል፣ ተሸካሚው ጆንያ ላይ ጋደም ሲል... ያን ጊዜ ብቻ።

የሄድኩት በአንዲት ሴት ጉዳይ ነበር። ኢየሩስ ትባላለች። በእህል ነጋዴው በአቶ ውብሸት መጋዘን ውስጥ ስንዴ እያበጠረች የምትኖር ልጅ ነበረች። ከሁለት ወር በፊት፣ በኃይለኛው ዝናብ ጊዜ፣ የመጋዘኑ የጓዳ ክፍል ጣራ ተደረመሰ። አቶ ውብሸት "ውስጥ ማንም አልነበረም" አለ። በሁለተኛው ቀን በሩን በብሎኬት አስደፈነው።

አብረዋት የሚያበጥሩት ሴቶች ግን ምሳዋን ልትበላ ወደዚያ ክፍል ስትገባ አይተዋታል። ስትወጣ ያየ የለም። ዘመዷ ማን እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም፤ ስለዚህ ማንም አልፈለጋትም።

እኔ የፈለግኩት አንድ ነገር ነው። ያ ግንብ እንዲፈርስና ልጅቷ ወጥታ በስሟ እንድትቀበር።

ሌሎቹ አበጣሪዎች ቃላቸውን ሰጥተውኝ ከሄዱ በኋላ ያነጋገረችኝ ሀጅራ ነበረች፤ አሥራ አንድ ዓመት እዚያ ያበጠረች ሴት። የምታውቀውን ሁሉ ሳትፈራ ነገረችኝ። ስንጨርስ እንደ ልማዴ ዝም እንድትል ለመንኳት። በተደፈነው በር ፊት ቆሜ፣ ማዳመጫዬን ጆሮዬ ላይ አድርጌ መቅዳት ጀመርኩ።

አምስት ሰከንድ... አሥር ሰከንድ...

ሿ... ሿ... ጠቅ።

ሰፌድ ላይ የሚዞር እህል ነው። ዞር አልኩ። ከእኔና ከሀጅራ በስተቀር ማንም አልነበረም። የሀጅራ ሰፌድ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል።

ማዳመጫውን አወለቅኩ። ጸጥ።

መልሼ አደረግኩት።

ሿ... ሿ... ጠቅ።

ሀጅራ እጄን ያዘችና ወደ ጆሮዬ ተጠጋች።

"ሰማሻት?"

"ምንድን ነው?"

"እኛ ያለዚያ ነገር ነው የምንሰማት" አለች፣ ማዳመጫውን በዓይኗ እያሳየችኝ። "ሁልጊዜ በምሳ ሰዓት።"

ሰኞ ረፋድ ላይ አቶ ውብሸትን ቢሮው ሄጄ አነጋገርኩት። ቢሮው ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አካባቢ፣ ፎቅ ላይ ነው። ምንጣፍ አለው፣ መስኮቱ ዝግ ነው፣ እህል የሚባል ነገር በአካባቢው የለም። በትህትና አስተናገደኝ። "ልጄ፣ የወደቀው ጣራ ነው። ማንም አልነበረም" አለኝ። ስለ ግንቡ ስጠይቀው ሰዓቱን አየ።

ማክሰኞ ብርድ ልብሴን ተከናንቤ ድምፁን መስማት ጀመርኩ።

ከአቶ ውብሸት ድምፅ ስር... ሿ... ሿ... ጠቅ።

ፋይል ያደባለቅኩ መሰለኝ። አላደባለቅኩም። እንደገና አስጀመርኩት። ሰውየው ስለ ዝናቡ ሲያወራ ሰፌዱ ይሠራል። ስለ ጣራው ሲያወራ ይሠራል። "ማንም አልነበረም" ሲል...

ቀጥ ይላል።

ልክ አንድ ሰው ሥራውን አቁሞ እንደሚያዳምጥ። ከዚያ ይቀጥላል።

አራት ጊዜ ሰማሁት። አራቱንም ጊዜ እዚያው ቃል ላይ ቆመ። ብርድ ልብሱን ወርውሬ ግቢ ወጣሁና ፀሐይ ላይ ተቀመጥኩ። ፈርቼ ነበር። ቆይቶ ግን ፍርሃቱ ወደ ንዴት ተለወጠ። ልጅቷ ግንብ ውስጥ ሆና ሥራዋን አልተወችም፤ እኔ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ የኔን ልተው?

ቅዳሜ ከሰዓት ስምንት ሰዓት ላይ ፕሮግራሜ በቀጥታ ይተላለፋል። ጠዋት የፕሮግራም ኃላፊያችን ጋሽ ማስረሻ አስጠራኝ። አቶ ውብሸት ደውሎለታል። ጋሽ ማስረሻ ክፉ ሰው አይደለም፣ ፈሪ ነው። ማስረጃ የለሽም፣ የሴቶቹን ድምፅ በሙሉ ከፕሮግራሙ አውጪው፣ የሟቿም ስም እንዳይጠራ፣ አለበለዚያ የአየር ሰዓትሽን እርሺው አለኝ።

"እሺ" አልኩት።

የኔን እሺ የሚያውቀው ቴክኒሺያኑ ምንይሉ ጸጉሩን አከከ።

የሀጅራን ድምፅ አወጣሁ። የሌሎቹንም አወጣሁ። አንድ ቃል አላስቀረሁም።

ስምንት ሰዓት ሲሆን ቀይ መብራቱ በራ። ማይክሮፎኑን ከፈትኩና ለአድማጮቼ ሰላምታ ሰጠሁ። ከዚያ እንዲህ አልኩ። "ባለፈው ሳምንት አርብ እህል በረንዳ፣ አቶ ውብሸት መጋዘን ውስጥ፣ በብሎኬት የተደፈነ በር ፊት ቆሜ ዝምታ ቀድቻለሁ። አንድ ደቂቃ ነው። አብረን እናዳምጥ።"

ከመስታወቱ ወዲያ ያለው ምንይሉ ክው አለ። ሬዲዮ ላይ ከዝምታ የከፋ ጥፋት የለም። አሥራ አምስት ሰከንድ ዝም ካልን ማሽኑ ራሱ ሙዚቃ ያስገባል፤ አለቃ ስልክ ላይም ይደውላል።

በእጄ ምልክት ሰጠሁት። ለቀቀው።

የድምፅ መለኪያው ወርዶ ዜሮ ላይ ተኛ።

ምንይሉ በውስጥ መስመር አንሾካሾከ። "ሠርኬ... ምንም የለም እኮ።"

ለመጀመሪያ ጊዜ ለእኔም አልተሰማኝም። ጆሮዬ ውስጥ ጭር አለ። አሥር ሰከንድ... አሥራ አምስት... ከሴቶቹ ድምፅ ጋር የሷንም አውጥቼው ይሆን ብዬ ተጨነቅኩ።

ሃያ... ሃያ አምስት...

ሙዚቃው አልገባም።

"ማሽኑ ለምን ዝም አለ?" አለ ምንይሉ። "መለኪያው ዜሮ ነው። እሱ ምን እየሰማ ነው?"

ሠላሳኛው ሰከንድ ላይ የአራቱም የስልክ መስመሮች መብራት ባንድ ጊዜ በራ።

ደቂቃው እንዳለቀ የመጀመሪያውን አነሳሁ። በርበሬ በረንዳ ያለ ባለሱቅ ነው። እህል የምታበጥረው ሴት ማን ናት ብሎ ጠየቀኝ። ሁለተኛውም ደዋይ ያንኑ ጠየቀ።

ሦስተኛዋ ዕድሜዋ የገፋ ሴት ነበረች። ቀስ ብላ ነው የምትናገረው።

"ሁለቴ ታንገዋልላለች፣ አንዴ ጠርዙን በጣቷ መታ ታደርጋለች" አለች። "እኔ ነኝ ያስተማርኳት። ልጄ ናት... ኢየሩስ ናት።"

ስሟን በአየር ላይ አልጠራሁም ነበር።

የስቱዲዮው በር ተከፈተ። ጋሽ ማስረሻ ነው፤ ላብ አጥምቆታል። እጁን ወደ ማይክሮፎኔ መዝጊያ ሰደደ። እኔ ቀድሜ መዳፌን አሳረፍኩበት። ዓይን ለዓይን ተያየን። እጁን መለሰ።

"እናቴ፣ የት ነው ያሉት?" አልኩ።

"ሱሉልታ። ሙሉብርሃን እባላለሁ። ሁለት ወር ሙሉ ስልኳ አይነሳም፤ መርካቶ እንደምትሠራ እንጂ የት እንደሆነ አላውቅም።"

"ይምጡ። እህል በረንዳ፣ አቶ ውብሸት መጋዘን በር ላይ እጠብቅዎታለሁ። የሰማችሁም ሁሉ ኑ።"

አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ እትዬ ሙሉብርሃንን ይዤ ስደርስ መንገዱ ሞልቷል። ተሸካሚው፣ አበጣሪው፣ ባለሱቁ፣ ሁሉም ሬዲዮ ሰምቶ መጥቷል። ሁለት ፖሊሶችም ነበሩ። አቶ ውብሸት ግንቡ ፊት ቆሞ ያንኑ ይደጋግማል። ማንም አልነበረም፣ ማንም አልነበረም።

እትዬ ሙሉብርሃን አልጮኸችም። ፊቱ ሄዳ ቆመች።

"እንግዲያው ይከፈትና ማንም አለመኖሩን ልየው" አለችው።

ፖሊሶቹ ተያዩና ዘወር በል አሉት። ተሸካሚዎቹ ዲጂኖ አምጥተው መምታት ጀመሩ። ሀጅራ በእጇ ብሎኬት ታነሳለች። እኔ መቅጃዬን ከፍቼ ቆሜያለሁ።

ኢየሩስ ማዕዘኑ ላይ፣ ከወደቀው አግዳሚ እንጨት ስር ነበረች። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እዚያው እንደነበረች ያስታውቃል። ሀጅራ ሻሿን አውልቃ ሸፈነቻት። እሁድ በስሟ ቀበርናት፣ እናቷ አፈር አለበሰቻት። አቶ ውብሸት አሁን መልስ የሚሰጠው ለእኔ ሳይሆን ለፖሊስ ነው። የእኔም የአየር ሰዓት አልተነካም። ቢነካም የሌላ ጣቢያ በር አንኳኳ ነበር።

ይህን ሁሉ ላስረዳችሁ እችላለሁ። ቀጥሎ ያለውን ግን አልችልም።

ያ ክፍል ጣራው ሲወድቅ ሰባ ጆንያ ያልተበጠረ ስንዴ ነበረበት። ሀጅራ ራሷ ናት ሲገባ የቆጠረችው። ስንገባ ጆንያዎቹ ባዶ ነበሩ፤ አንድ በአንድ ታጥፈው ተቀምጠዋል። መሬቱ ላይ ሁለት ክምር አለ። ባንዱ በኩል ገለባና ጠጠር፣ በሌላው በኩል ንጹህ ስንዴ፣ እስከ ትከሻዬ።



እትዬ ሙሉብርሃን ወደ ክምሩ ተጠጋች። አጠገቡ መሬት ላይ አንድ ሰፌድ ነበር፤ የመጨረሻው እፍኝ ስንዴ ውስጡ አለ።

ልታነሳው ጎንበስ አለችና እጇ አየር ላይ ቀረ።

እኔም አየሁት። ሀጅራም አየችው።

ሰፌዱ ውስጥ ያለው ስንዴ... ገና ይዞር ነበር።