በጠበቃው ሳጥን የቀረው ውል

ወገኖቼ፣ እኔ ሀብተ ማርያም በአሰላ ከተማ ዕድሜዬን በብዕር የፈጀሁ ጸሐፊ ነኝ። የሌላውን ሰው አቤቱታ ስጽፍ ኖሬ ዛሬ የራሴን በደል ልጽፍ ተቀምጫለሁ። ብታሙኝ ይገባኛል።

ጌታዬ አቶ ኃይለየሱስ ጠበቃ ነበሩ። ያኔ እንዴት ያሉ ጠበቃ መሰሏችሁ! ከጮሌ ወረዳም ሆነ ከጢቾ ባለጉዳይ ሲመጣ፣ “ከመንገድ የመጣ ሰው አይቆምም” ብለው የራሳቸውን ወንበር ይለቁለት ነበር። በዚያ ዘመን ልማድ የባለጉዳይ ዋና ወረቀት ጠበቃው ዘንድ ይቀመጣል። የእኛም ቢሮ የእንጨት ሳጥን ነበረው። ቁልፉ በእኔ አንገት ላይ፣ ትዕዛዙ በእሳቸው አፍ ነበር።

በ፲፱፻፵፱ ዓ.ም. ሁሴኖ የሚባል የዲክሲስ ገበሬ መጣ። አንድ ባላባት “መሬቱ የእኔ ነው” ብሎ ከሶታል። ሁሴኖ በቁራጭ ቆዳ የተጠቀለለ ውል ከብብቱ አወጣ። አባቱ መሬቱን ሲገዙ ሽማግሌዎች የፈረሙበት ነው።

“ጌታ ጠበቃ፣ ሽማግሌዎቹ ሞተዋል። ከዚህች ሌላ ምስክር የለኝም” አለ።

“አይዞህ፣ እዚህ ጅብም አይደርስባት” አሉት ጌታዬ።

በመስከረም የምክር ቤት ምርጫ ሆነና ጌታዬ ተመረጡ። ከተማው “ሹመት ያዳብር!” እያለ አጀባቸው፤ በግ ያልነዳ አልነበረም። በድግሱ ማግስት ወደ አዲስ አበባ ሲነሡ፣ “ሀብተ ማርያም፣ እኔ ሳልል ሳጥኑ እንዳይከፈት” ብለውኝ ሄዱ።

የሁሴኖ ቀጠሮ ደረሰ። በዋዜማው መጥቶ ደጄ ላይ ቆመ።

“ነገ ዳኛው ውሉን አምጣ ይሉኛል። እባክዎ ወረቀቴን ይስጡኝ።”

“ጌታዬ ሳያዙኝ እንዴት እከፍታለሁ?”

“ወረቀቱ እኮ የእኔ ነው!”

“ሳጥኑ የእሳቸው ነው። ደብዳቤ ጽፌላቸዋለሁ፤ መልስ ሲመጣ ትመጣለህ።”

ቁልፉ አንገቴ ላይ ነበር። ግን ከነገሩ ጦም እደሩ አልኩ። በማግስቱ ዳኛው “ውሉ የታለ?” ቢሉት “ሳጥን ውስጥ ነው” አለ። ችሎቱ ሳቀ። የደብዳቤዬ መልስ ሳይመጣ ተፈረደበትና አዝመራው ሳይሰበሰብ ከነሚስቱ ከመሬቱ ተነሣ።

ከአራት ዓመት በኋላ ጌታዬ የከተማችን ከንቲባ ሆነው ተመለሱ። እኔም ጸሐፊያቸው ሆኜ ገባሁ፤ ሳጥኑም አብሮን ገባ። ሁሴኖ ይህን ሰምቶ በየወሩ ከዲክሲስ ሁለት ቀን እየተጓዘ ደጅ ይጠና ጀመር። ከስቷል፣ ያስላል። “ለዙፋን ችሎት አቤት ልል ነው። ውሌን ብቻ ስጡኝ” ይላል። ዘበኛው “ስብሰባ ላይ ናቸው” እያለ ይመልሰዋል።

አንድ ቀን ደፈርኩና፣ “የተከበሩ፣ ለዚህ ሰው ወረቀቱን እንስጠው” አልኩ።

“እስከ ዛሬ የት ነበር ቢሉስ? ጠበቃው ደብቆ አስፈረደበት ነው የሚሉት። ስሜ ምን ይሆናል? ይልቅ የአዲሱ ገበያ ምረቃ ይለፍና እናያለን።”

ምረቃው አለፈ። ሌላም ድግስ አለፈ። ሁሴኖ አንድ ወር ቀረ፤ በሁለተኛውም ቀረ። ከዚያ አንድ የዲክሲስ ነጋዴ ለራሱ ጉዳይ መጥቶ የሁሴኖን መሞት ነገረን። ጌታዬም “ቁልፉን አምጣ” አሉኝ። አይ ሰው! ይህችን አንዲት ቃል ለማለት ስንት ዓመት ፈጀባቸው?

ዲክሲስ ስንደርስ የሁሴኖ ሚስት ዙቤዳ ከወንድሟ ቤት ተጠግታ አገኘናት። ጌታዬ ባርኔጣቸውን አውልቀው ውሉን በሁለት እጃቸው ሰጧት። ማንበብ አታውቅም። ገለባብጣ አየችው።

“ይህ ነው?”

“ይህ ነው፣ አዴ ዙቤዳ” አልኳት፣ በአገሩ የአክብሮት አጠራር።

“ሁሴኖ ሲያወራው ትልቅ ነገር ይመስለኝ ነበር። ሁለት ሰው የሚሸከመው፣ መኪና የሚፈልግ። ለዚህች ነው ያን ሁሉ መንገድ የተመላለሰው?” ውሉን በሁለት ጣቷ አነሣችው። “ታዲያ አንስቶ መስጠቱ ምን አስቸገራችሁ?”

ጌታዬ አለቀሱ፤ እኔም አለቀስኩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እኛ ነን። አሰላ እንደተመለስን ለዙፋን ችሎት ማመልከቻ አጻፉኝ። “ውሉ በእጄ ነበር፤ ጥፋቱ የእኔ ነው” የሚለውን ሦስት ጊዜ አስነብበውኝ ፈረሙ። ከንቲባነቱንም ለቀቁ። መሬቱ ለዙቤዳ ይመለስ አይመለስ እስካሁን አልታወቀም።

ወገኖቼ፣ በሹመት ወንበር የተቀመጣችሁ ሁሉ፣ ሰው አምኖ የሰጣችሁ ነገር የእናንተ አይደለም። እንደ እኔ “አለቃዬ ሳያዙኝ” የምትሉም፣ ቁልፉ በእጃችሁ እያለ ትዕዛዝ አትጠብቁ። ደጃችሁ የቆመው ሰው እንደ እናንተ ጊዜ ላይኖረው ይችላል። እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ሳጥኑም ባዶውን ቤቴ ተቀምጧል። ማለዳ ሸሚዜን ስለብስ ቁልፉ ደረቴን ይነካኛል፤ ያን ጊዜ የዙቤዳ ጥያቄ ይመጣብኛል። ምን እንዳስቸገረኝ ግን ዛሬም አላውቀውም።