ፊት ለፊት የተቀመጡ ጎረቤቶች

ከገበያው ቃጠሎ በኋላ በሁለተኛው ዓመት፣ ዝናቡ ባቆመ ሰሞን፣ አገረ ገዥው ያሠሩት የሸንጎ አዳራሽ ገና እርጥብ ኖራና ትኩስ ጥርብ እንጨት ይሸት ነበር፤ በመስኮቱ ቁልቁል ሲያዩ ደግሞ ከገበያው ጋር የተቃጠለው መስጊድ የነበረበት ቦታ እንደ ጠቆረ ተኝቷል። እሳቱን የለኮሱት እነማን እንደሆኑ ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ ከክርስቲያኖቹ ወገን ግን አንድም ሰው አልተጠየቀም። ገዥው በቅጣት ፈንታ ሥዕል አዘዙ፤ አንድ ሙስሊምና አንድ ክርስቲያን ጎረቤት ሲጨዋወቱ በትልቁ ግድግዳ ላይ ይሣል፤ አዳራሹ በሰላም በተመረቀ ማግስትም መስጊዱን መልሶ ለመሥራት ፈቃድ ይሰጣል ተብሎ በአዋጅ ተነገረ።

ሥዕሉ የተሰጠው ቤተ ክርስቲያን ሲሥል ላደገ ሰዓሊ ነበር፤ በርና መስኮቱን የሚፈለፍለው ደግሞ ድምፁ ስለሚሻክር «መጋዙ» የሚሉት ሙስሊም ጠራቢ ነው። ሽማግሌው መጋዙ አንድ ቀን መሮውን አስቀምጦ ግድግዳውን ትኩር ብሎ አየና ሳቀ።

«ምን ያስቅዎታል?» አለ ሰዓሊው ከመወጣጫው ላይ ሆኖ።

«እነዚህ ሰዎች ተጣልተዋል እንዴ?»

«ሲጨዋወቱ ነው እንጂ!»

«ወላሂ አይጨዋወቱም። ሁለቱም በሩ ላይ አፍጥጠው ገዥው በገቡና እጅ በነሣን የሚሉ ነው የሚመስሉት።»

ሰዓሊው መጀመሪያ ተናደደ፤ ቀጥሎ አፈረ። በሙያው ሥርዓት ደግ ሰው ሙሉ ፊቱ ከነሁለት ዓይኑ ይሣላል፤ ወደ ጎን ዞሮ በአንድ ዓይን የሚታየው ከሐዲ፣ ነፍሰ ገዳይ ወይም ሰይጣን ነው። ሁለቱንም አከብራለሁ ብሎ ሁለቱንም ወደ ተመልካች ያዞራቸው ለዚህ ነበር። ይህንኑ አስረዳው።

«ታዲያ በእናንተ ሥዕል ደግ ሰው ከደግ ሰው ጋር እንዴት ያወራል?»

ሰዓሊው አሰበና «አያወራም» አለ።

«እኔ ሰው መሣል ሃይማኖቴ አይፈቅድልኝም፤ ጎረቤት ሲያወራ ግን አይቻለሁ። ና ውረድ።»

የእንጨት ፍልጥ ላይ ፊት ለፊት ተቀመጡ። መጋዙ ስለ ቃጠሎው ሲያወራ ሰዓሊው የከንፈሩን አኳኋን ያጠና ነበር፤ እየቆየ ግን ማጥናቱን ረስቶ መስማት ጀመረ። በማግስቱ ሁለቱን ጎረቤቶች አዞራቸው፤ አፍንጫ ለአፍንጫ፣ ሁለቱም በአንድ አንድ ዓይን፤ አሁን በእርግጥ ይነጋገሩ ነበር።

በሳምንቱ የአዳራሹ አዛዥ፣ የቤተ ክርስቲያኑ አለቃና የሙስሊሙን ወገን ወክለው የተጠሩት ባለጸጋ ነጋዴ ሊጎበኙ መጡ። አለቃው ገና ከደጃፉ ጮኹ።

«የእኛን ሰው ከሐዲ አደረግኸው!»

«ጌታዬ፣ ሰው ሲነጋገር እንዲህ ነው።»

«አትከራከር» አሉ አዛዡ፤ «የእኛን ወደዚህ አዙረው፤ ሁለት ዓይን ይኑረው።»

«ሙስሊሙስ?»

«እርሱ ምን ሆነ? እንዳለ ይቆይ። ካልሆነ ምረቃ የለም፤ ምረቃ ከሌለ መስጊድ የለም።»

ነጋዴው የሥዕሉን ሥርዓት አሳምረው ያውቃሉ፤ ለሰዓሊዎች ቀለም የሚያቀርቡት እርሳቸው ናቸው። ጉሮሯቸውን ጠርገው «መልካም ሥራ ነው፤ ጥምጣሙ ብቻ ሰፋ ቢል» አሉ።

ሲሄዱ ሰዓሊው የኖራውን ባልዲ አነሣ። «ግድግዳውን እደፍነዋለሁ! እንዲህ ባለ ቆሻሻ ውስጥ እጄን አላስገባም።»

«አንተ ልጅ፣ ባልዲውን አስቀምጥ» አለ መጋዙ። «አንተ ንጹሕ እጅህን ይዘህ ቤትህ ትገባለህ፤ ሽማግሌዎቻችን ግን ክረምቱን ጭቃ ላይ ሲሰግዱ ከርመዋል። ዓይኔን ይውሰዱና ጣሪያ ይስጡኝ።»

«ስድብ እኮ ነው፣ አባቴ!»

«የእኛ ልጆች የሚያዩት ወሬ የሚያወራ ሰው ነው። ስድቡን የሚያነብቡት የእናንተ ናቸው፤ ነውሩን ለባለቤቱ ተወው።»

ሰዓሊው አዞረው። ክርስቲያኑ ሁለት ዓይን አገኘ፤ ጎረቤቱ ጆሮው ሥር እየተናገረ እርሱ ለተመልካች ፈገግ ይል ጀመር። በምረቃው ዕለት እሳት የለኮሱት ፊት ወንበር ላይ ተደርድረው ስለ ፍቅር አጨበጨቡ፤ አለቃውና ነጋዴው ተቃቀፉ፤ ሰዓሊው በጓሮ በር ወጥቶ ሄደ።

መስጊዱ ተሠራ፤ ይህን መካድ አይቻልም። የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊም ገዥው ሁለቱን ወገን በሥዕልና በውይይት አስታረቁ ብሎ ጻፈ፤ ማን ማንን እንዳቃጠለ ግን አልጻፈም። ከዚያ ወዲህ የተነሡ ሰዓሊዎች ሥዕሉን የመከባበር ምሳሌ ነው እያሉ በየአዳራሹ ገለበጡት፤ ሙስሊሙን በአንድ ዓይን፣ ክርስቲያኑን በሁለት። ሥርዓቱን ስለሚያውቁ አንዳቸውም አልተሳሳቱም።