ከሥራ የቀረው ዘበኛ

«ሽማግሌ ልከህ፣ ቀን አስቆርጠህ፣ ዛሬ መጥተህ ‹ይቆየን› ትለኛለህ? ምኑ ነው የሚቆየው? ወጥ ነው?»

«ስመኝ፣ ቀስ በይ። ሰው ይሰማል።»

«ይስማ! ዲላ በሙሉ ይስማ! ዳግማይ ትንሣኤ ያልከው አንተ ነህ። እኔ ነኝ እንዴ የለመንኩህ?»

«አልለመንሽኝም።»

«ታዲያ ምን ሆንክ? ሌላ ሴት አለች?»

ዘነበ ዓይኑን ስፌት መኪናዋ ላይ ተክሎ ቀረ። ስመኝ መቀሱን እንደያዘች ጠበቀች። «ኧረ ምን ነካሽ» እንዲላት ነበር የጠበቀችው።

«አለች» አላት።

«ማን ናት?»

«አታውቂያትም።»

«ከኔ ታምራለች?»

ዘነበ ትንሽ አሰበ። ሰውየው መዋሸት አይችልበትም። «ድሮ አዎ። አሁንማ እንጃ።»

ስመኝ ስትሰፋለት የነበረውን ሱሪ ጨባብጣ ፊቱ ላይ ወረወረችው። «ውጣልኝ!»

ወጣ። ሱሪውን እንኳን አላነሳም። የሰውየው ጉድ ግን፣ ያቺ «አለች» ያላት ሴት ከሞተች አራት ዓመቷ ነው።

ዘነበ ሃምሳ ስድስት ዓመቱ ነው። ቡና መፈልፈያ ማሽን ይጠግናል። ኮንጋም ይሁን ይርጋጨፌ አንዱ ማሽን አልዞርም ብሎ ከቆመ፣ ዘነበ በሞተሩ ከች ይላል። ጆሮውን ብረቱ ላይ ለጥፎ ያዳምጥና «እዚህ ጋ ነው ያመማት» ይላል። አይስትም። የራሱን ገላ ግን አንድ ቀን እንኳን አዳምጦት አያውቅም።

ስመኝ ደግሞ አርባ ሰባት ናት። አንዴ አግብታ ፈታለች። ከመናኸሪያው ከፍ ብላ ባለች አንድ በር ሱቅ ልብስ ትሰፋለች። ምላሷ እንደ መቀሷ ነው።

ያገናኛቸው ሱሪ ነው። መስከረም ላይ «ወገቡ ሰፋኝ» ብሎ መጣ። ሜትሯን ይዛ እጆቿ በወገቡ ሲዞሩ ትንፋሹን ዋጠ።

«ይተንፍሱ እንጂ ጋሼ! እንዲህ ሆነው ተለክተው ምሳ ሊበሉበት ነው?»

ተነፈሰ። ዘጠና ስድስት። ደብተሯ ላይ ጻፈች። እሷ የለካችውን ሁሉ ከነቀኑ ትጽፋለች፤ «አንቺ ነሽ ያጠበብሽው» የሚል ደንበኛ ብዙ ስለሆነ።

ጥቅምት ላይ ተመልሶ መጣ። «ሰፋኝ።» ኅዳር ላይም «ሰፋኝ።» ስመኝ በሆዷ ሳቀች። ሰውየው እኔን ለማየት ነው ይሄን ሁሉ ሱሪ የሚያስቆርጠው አለች። አንድ ቀን አላስቻላትም፦

«ስማ ዘነበ፣ ጨርቅ ከምታበላሽ ‹ሻይ እንጠጣ› ብትለኝ አይቀልም?»

ጆሮው ድረስ ቀላ። ሻይ ጠጡ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ጠጡ። ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው አቅፈው ይቀመጣሉ። እሱ ሲያያት እሷ ዓይኗን ትሰብራለች፣ እሷ ስታየው እሱ ይሰብራል። አንዳንዴ ግማሽ ሰዓት አንድ ቃል አይወጣቸውም፤ ሻዩ ይቀዘቅዛል። አስተናጋጇ መጥታ «ላሙቅላችሁ?» ስትል ሁለቱም ደንግጠው «አዎ!» ይላሉ።

ጥር መጨረሻ ላይ ሽማግሌ ላከ። እሺ አለች። ዘነበ ያን ቀን ከደስታው ብዛት ሞተሩን ማስነሳት ረስቶ እስከ ቤቱ ገፍቷት ሄደ።

ማግስቱን ጠዋት ነው ጉዱ የጀመረው።

ዘነበ ከጎረምሳነቱ ጀምሮ ጠዋት ሲነቃ ብልቱ ቀድሞት ነቅቶ ቆሞ ነው የሚያገኘው። ሚስቱ መንበረ በሕይወት እያለች «ዘበኛህ ተነስቷል፣ አንተም ተነስ!» እያለች ትቀልድበት ነበር። ሃምሳን ካለፈ ወዲህ ዘበኛው ማርፈድ ጀምሯል፣ አንዳንድ ቀንም ይቀራል። ዕድሜ ነው ብሎ ትቶታል። ያን ጠዋት ግን ጨርሶ አልመጣም። በነጋታውም። በሳምንቱም። አስተካክለህ ብትጠራው፣ ብታባብለው፣ ወፍ የለም።

እዚህ ጋ ነው መንበረ የመጣችው።

ልትሞት ሦስት ቀን ሲቀራት አልጋው ላይ ተደግፋ «እኔ ስሄድ ሌላ አምጥተህ እዚህ አልጋ ላይ ብታስተኛት፣ ዋ! ዘበኛህን ይዤልህ ነው የምሄደው» ብላው ነበር። ስቃ ስቃ ሳል ያዛት። እሱም ሳቀ። ያኔ ቀልድ ነበር። አሁን፣ ጠዋት በዚያ በግራጫ ብርሃን፣ ብርድ ልብሱ ሥር እንደ ሞተ ነገር ተጋድሞ ሲያስበው፣ ቀልድ አልመስል አለው።

ደግሞ ነጠላ ጫማው አለ። የመንበረ ቢጫ ላስቲክ ነጠላ ጫማ አራት ዓመት ሙሉ አልጋው ሥር ነው ያለው፤ መጣል አልሆነለትም። አንድ ጠዋት ሲነቃ በሩ ሥር አገኘው። አፍንጫውን ወደ ውስጥ አዙሯል። ርጥብ ነው። ቀይ ጭቃ ነክቶታል። ልክ አንድ ሰው ከደጅ ገብቶ እዚያ ያወለቀው ይመስላል። በሩ እንደሆነ ከውስጥ እንደተቀረቀረ ነው።

አጥቦ መለሰው። በነጋታው በሩ ሥር።

ሞልቶ ያደረው የውሃ ጆግ ጠዋት ባዶ ይሆናል። ሙት ይጠማዋል ሲሉ ሰምቷል። የአልጋው በሷ በኩል ያለው አንሶላ ይቀዘቅዛል። አንድ ቀን ደግሞ፣ ሊነጋጋ ሲል፣ እዚህ ጆሮው ሥር፣ በዚያ በሚያውቀው በተጎተተ ድምፅ «ዘነበ» አለችው። ብድግ አለ። ማንም የለም። ላቡ ብቻ።

ከሳ። ጠበል ተጠመቀ። ፎቶዋ ፊት ቆሞ «መንበረዬ፣ ይቅርታሽን፤ ብቸኝነት ነው» አላት። ፎቶው ምን ይመልስ?

አንድ ቀን ሐፍረቱን ዋጥ አድርጎ ፋርማሲ ገባ። ባለፋርማሲው ሙሐሲን ትሁት ልጅ ነው፤ ትሁት ልጅ ግን ሲስቅ በዓይኑ ነው የሚስቀው።

«ለጓደኛዬ ነው» አለ ዘነበ። «ያቺን ኪኒን… ለወንድ የምትሆነውን።»

«እሺ ጋሽ ዘነበ። ጓደኛዎ ስንት ዓመታቸው ነው?»

«እኔን ያክላል።»

«የደም ግፊት አለባቸው? የልብ ሕመምስ? የሚወስዱት መድኃኒት?»

«እኔ ምን አውቄ።»

«ሌሊት ለሽንት ስንት ጊዜ ይነሳሉ?»

«አራት… ማለቴ አልጠየቅኩትም።»

«ይጠማቸዋል?»

«አይ፣ የሚጠማውስ እሷን ነው» አለና ደነገጠ።

ሙሐሲን መሳቁን ተወ። «ጋሽ ዘነበ፣ ኪኒኗን ሳልመረምር አልሰጥም። ልባቸው የታመመ ከሆነ እሷው ልትጥላቸው ትችላለች። ለጓደኛዎ ይንገሩልኝ፤ መጥተው ጣታቸውን በመርፌ ጠቅ ላድርጋቸው። አንድ ደቂቃ ነው።»

«የኛ ጉዳይ የመርፌ አይደለም ልጄ» አለና ወጣ። ያኔ ነው በቀጥታ ስመኝ ጋ ሄዶ «ይቆየን» ያለው። አንዲትን ሴት ወደ ሙት አልጋ አላስገባም፣ ያውም ባዶ እጄን፣ ብሎ ነው። ምክንያቱን ከሚነግራት ግን መሬት ብትውጠው ይመርጣል።

ስመኝ ሦስት ቀን አለቀሰች። በአራተኛው ተናደደች። ጠየቀች፣ አስጠየቀች፤ ዘነበ ቤት የምትገባ ሴት ያየ የለም። ቅዳሜ በጠዋቱ፣ ጉሙ ገና ከግቢው ሳይነሳ፣ ሱሪውንና ደብተሯን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ በሩን ደበደበች።

«ማነው?» የሚንቀጠቀጥ ድምፅ።

«እኔ ነኝ! ሱሪህን ለሴትዮህ ላስረክብ ነው የመጣሁት። የወገብህን ልክም ልነግራት ነው። ጥራት!»

ከፈተ። ጋቢ ተከናንቧል፣ ዓይኑ ጎድጉዷል። ከእግሩ ሥር ቢጫ ነጠላ ጫማ፣ ርጥብ።

«እና! የታለች?»

ዘነበ በጣቱ ወደ ጫማው ጠቆመ።

ስመኝ ጫማውን አየች፣ እሱን አየች። ቁጣዋ ወዴት እንደሄደ እንጃ፣ ሄደ። ገብታ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ነገራት። ውሃውን ነገራት፣ ጭቃውን፣ ድምፁን። መጨረሻ ላይ ዓይኑን ግድግዳው ላይ ሰክቶ፦

«ጠዋት… አይነሳም።»

«ማን?»

«እሱ።»

«እሱ ማን?»

«ስመኝ፣ በእግዜር!»

ገባት። ትስቃለች ብሎ አንገቱን ቀበረ። አልሳቀችም።

«መቼ ነው የጀመረህ?»

«ሽማግሌ በላኩ ማግስት። ይዤልህ እሄዳለሁ ብላ ነበር፣ ያዘችው።»

ስመኝ ደብተሯን አወጣች። ጣቷን ምራቋን አስነክታ ገለጠች። «መስከረም አሥራ ሁለት፣ ዘጠና ስድስት። ጥቅምት ሃያ፣ ዘጠና ሦስት። ኅዳር ሃያ አምስት፣ ዘጠና። ታኅሣሥ መጨረሻ ሰማንያ ሰባት። ሽማግሌ ሳትልክ ነው ያለቅከው! መስከረም ላይ እኔ ማን እንደሆንኩ አታውቅም። መንበረ በማን ቀንታ ነው?»

«እንዴ፣ እኔ እኮ አንቺን ለማየት ነበር…»

«እኔም እንደዛ መስሎኝ ስኮራ ነበር። ሱሪው ግን እውነትም ሰፍቶህ ነው። እስቲ እግርህን አሳየኝ።»

«እግሬን ምን ልታደርጊ?»

«አሳየኝ አልኩህ!»

አነሳላት። ተረከዙ ላይ ቀይ ጭቃ ደርቋል። ጣቶቹ ንጹሕ ናቸው፤ የጨቀየው ተረከዙ ብቻ ነው፤ ልክ ከትንሽ ጫማ ወደ ኋላ እንዳለፈ ተረከዝ። ስመኝ ነጠላ ጫማውን አንስታ ከእግሩ ሥር አደረገችው። በሁለት ጣት ያጥራል።

«ሽንት ቤቱ የት ነው?»

«ጓሮ። ቧንቧው ጋ።»

«መንገዱ ጭቃ ነው?»

«ቧንቧው ያፈሳል…» አለና ቃሉ አፉ ላይ ቀረ።

አራቴ አምስቴ እየተነሳ፣ በእንቅልፍ ልቡ፣ እግሩ ያገኘለትን ጫማ እያጠለቀ ሲወጣና ሲገባ የነበረው ራሱ ነው። ውሃውንም የሚጨርሰው ራሱ ነው።

ደስ ይለዋል ብላ ጠብቃ ነበር። ፊቱ ግን ጠቆረ። አልጋው ጠርዝ ላይ ዘጭ ብሎ ጫማውን ጭኑ ላይ አደረገ። እያስፈራራችውም ቢሆን፣ መንበረ አንድ ወር ተኩል እዚህ ቤት ነበረች። አሁን ዳግመኛ ሞተችበት። እንባው ቢጫው ላስቲክ ላይ ጠብ ጠብ አለ። ስመኝ አጠገቡ ሄዳ ተቀመጠች፣ በመንበረ በኩል፣ በሚቀዘቅዘው በኩል፤ እጁን ያዘች።

እንባውን በጋቢው ጠርጎ «ስሜን የጠራችኝስ?» አላት።

ስመኝ መስኮቱን አየች። ጉሙ እንደ ሰው ቆሟል። እሷም ብትሆን ጀርባዋን ቅዝቅዝ አላት።

«እሱን እኔ አላውቅም» አለች። «ስትጠራህ አቤት በላት። ሚስትህ ነበረች። አሁን ጫማህን አድርግ፣ ያንተን፤ እንሄዳለን።»

ሙሐሲን ጣቱን ጠቅ አደረገው። መሣሪያዋ ላይ የወጣውን ቁጥር አይቶ ከንፈሩን ነከሰ። «ሦስት መቶ ስልሳ። ጋሽ ዘነበ፣ ይሄ ስኳር ነው፤ ያውም የሰነበተ። ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ይሄዳሉ።»

«እና ያ… የጓደኛዬ ነገር?»

«ጓደኛዎ እዚሁ ናቸው፣ ይንገሯቸው» አለ ሙሐሲን ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ጠዋት ጠዋት የሚሆነው ነገር ደም ሥሩና ነርቩ ደህና መሆኑን የሚናገር ምልክት ነው። በዕድሜ ይሳሳል፣ ይሄ በሁሉም ላይ ያለ ነው። ድንገት ጭልጥ ብሎ ሲጠፋ ግን ስኳር ወይም ግፊት ሊሆን ይችላል። ቀጭኑ ሥር ቀድሞ ይነግርዎታል፤ ዝም ካሉት ቀጥሎ የሚናገረው ልብ ነው። እንኳን አሁን መጡ።»

«ይመለሳል?»

«ስኳሩ ሲስተካከል ብዙ ሰው ላይ ይሻሻላል። ካልሆነም ሐኪሙ የሚያዘው መድኃኒት አለ። የሃያ ዓመት ልጅ ይሆናሉ ብዬ ግን አልዋሽዎትም።»

ዘነበ ወደ ስመኝ ዞረ። ሙሐሲን መኖሩንም፣ ከኋላ ተራ የያዘችውን ሴትዮ መኖሯንም ረሳ።

«ሰማሽ አይደል? ላይመለስ ይችላል። አሁኑኑ ተዪኝ፣ አልቀየምሽም። በየጠዋቱ ከጎኔ ተነስተሽ ምን ታገኛለሽ?»

ስመኝ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች።

«የመጀመሪያው ባሌ በየጠዋቱ እንደ ወታደር ነበር የሚቆምለት፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ‹እንዴት አደርሽ› ብሎኝ አያውቅም።»